የጉራ ጾም

(ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በተደረገ የወላጆች የቡና ፕሮግራም ላይ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። የምታከብሩ ሁሉ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። የማታከብሩም፣ እንኳን ከሽንኩርቱ ጢስ በሰላም ወጣችሁ።

አዘጋጆቹ ደውለው የሰጡኝ ርዕስ «የአባት ሚና በበዓል ሰሞን» የሚል ነው። «ሚና» የሚለውን ቃል ስሰማ ፕሮጀክተርና የታሸገ ውሃ ይታየኛል። እዚህ ኮሙናል ውስጥ ፕሮጀክተር የለም። ውሃም እንደምታውቁት በፈረቃ ነው። ስለዚህ ሚናውን ትቼ የቤቴን ወሬ ላውራችሁ ብዬ መጣሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳውቅ። ይህን የያዝኩትን ወረቀት ትልቋ ልጄ ትናንት ማታ አንብባዋለች። በቀይ እስክሪብቶ። ሦስት ቦታ ሰርዛለች፤ ሁለት ቦታ ደግሞ የጥያቄ ምልክት አድርጋለች። የሰረዘችውን አላነበውም፣ ቃል ገብቻለሁ። የጥያቄ ምልክቱ ጋ ስደርስ ትንሽ ብደናገር ግን ይቅር በሉኝ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። እባካችሁ ዞር ብላችሁ አትዩዋት፤ ቤት ስንገባ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሮዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ቤቴ እዚሁ፣ አራተኛ ፎቅ። እጣው የወጣልን ጊዜ ዘመድ ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ካለ በኋላ «ግን የት ነው?» ይል ነበር። «ቱሉ ዲምቱ» ስንል ትንሽ ዝም ይልና «አየሩ ጥሩ ነው አሉ» ይላል። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። አየሩም እውነትም ጥሩ ነው። ችግሩ ከአየሩ ተነስቶ ቢሮ መድረሱ ላይ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ከቤት እወጣለሁ። ማታ ስገባ 2 ሰዓት አልፏል። በሥራ ቀን ልጆቼን የማያቸው ተኝተው ነው። ሲያድጉ ያየኋቸው በአግድም ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እግራቸው ከብርድ ልብሱ ሲተርፍ «አሃ፣ ረዝመዋል» እላለሁ።

እንዲህ ያለ አባት በምን ይኮራል? በወረቀት ይኮራል። ባለፈው ሰኔ ትልቋ ልጄ ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ስትዛወር አንደኛ ወጣች። ከ52 ተማሪ። የመጀመሪያው የጥያቄ ምልክት ያለው እዚህ መስመር ላይ ነው። ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ነው ብዬ ለምኜ ነው ያለፈልኝ።

የካርዱን ፎቶ በስልኬ አነሳሁ። ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ ባለው መጨናነቅ ውስጥ ሰርቪስ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ይሠራል? አንዳንዱ ይተኛል፣ አንዳንዱ ቲክቶክ ያያል። እኔ ካርድ አሳይ ነበር። ከጎኔ ላለው፣ ከኋላዬ ላለው፣ ቀይ መብራት ሲይዘን ለሹፌሩ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ስሙን ሳልይዝ በፊት ካርዱን አይቶታል። የሰኔ ውጤት ኅዳር ድረስ አደረሰኝ። ጾሙ ባይገባ ፋሲካንም ያደርሰኝ ነበር።

ኅዳር 12 ማታ ነው። ሰፈሩ በጢስ ታፍኗል። እኛም ቆሻሻ ሰብስበን ከብሎኩ ጀርባ ለኮስን። ትንሹ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ እሳት ባለበት እሱ አለ። «ለምንድን ነው የምናጨሰው?» አለኝ። በ1911 ዓ.ም ስለገባው የኅዳር በሽታ ነገርኩት። ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እኛ አገር ሲደርስ ስሙን ከወሩ እንደወሰደ፣ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው እንዳለቀ፣ አየሩን ለማጽዳት እንደሚታጠን። ደህና አድርጌ እያወራሁ ነው። በወሬ አልታማም።

ትልቋ በዱላ እሳቱን እየቆሰቆሰች ጠበቀችኝ። ስጨርስ፣

«አባ፣ ሰርቪስ ላይ የኔን ካርድ ታሳያለህ እንዴ?» አለች።

«ማን አለሽ?»

«የክፍሌ ልጅ። አባቷ ካንተ ጋር ነው የሚሳፈረው።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«አታውራ አባ።»

«ለምን? ኮርቼብሽ እኮ ነው!»

«ሁለተኛ ብወጣስ? ያኔ ምን ብለህ ልታወራ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ለሌላ ጊዜ ለማንኛውም ነገር መልስ አላጣም። ጢሱ ዓይኔን አቃጠለኝ ብዬ ዞር አልኩ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና እንኳን አላለችም። «ከሦስት ቀን በኋላ ጾም ይገባ የለ? እሱንም አብረህ ጹመው» አለችኝ። ቀልዷን ነው። እኔ ግን ያዝኩት። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ ቀን እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ስለ ልጆቼ ለማንም ምንም ላላወራ ለራሴ ቃል ገባሁ። 44 ቀን። ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ከፍሪጁ ላይ ባለው ካሌንደር እየሰረዝኩ ነው የጾምኩት።

ሥጋና ወተት መተው ቀላል ነው። ጉራ መተው ግን እንደሱ አይደለም። በሦስተኛው ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰርቪስ ላይ ልጁ እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያቀላጥፍ መተረክ ጀመረ። አፌን በላኝ። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ መለስኩት። ቃሊቲ ማሠልጠኛ ጋ ስንደርስ ልጁ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ካራቴ ይችል ነበር። «እግዚአብሔር ያሳድግልህ» አልኩ። እንዲህ ያለ ምርቃት ጥርስ ነክሶም እንደሚወጣ ያን ቀን አወቅኩ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣ። የማወራው ሲጠፋኝ የማየው በዛ።

ታናሽ ወንድሜ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። ታኅሣሥ ሲጋመስ እሁድ ማታ በቪዲዮ ደወለ። የሱ ልጆች ሁለት ሳምንት ትምህርት የለም። «ዊንተር ብሬክ ላይ ናቸው» አለ። ትንሹ ልጄ ምን ማለት ነው ሲለኝ «የክረምት ዕረፍት» ብዬ ተረጎምኩለት። ግራ ገባው። ለሱ ክረምት ማለት ሐምሌ ነው፤ ጭቃ፣ ጃንጥላ፣ የበቆሎ እሸት። «ታዲያ ገናን በዝናብ ነው የሚያከብሩት?» አለ። ወንድሜ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረለት። በረዶው መኪናውን ቀብሮታል። ልጄ ረጅም ጊዜ አየና «እኛ ጋ በጋ ነው፤ እናንተ ጋ ክረምት ነው፤ እና ማን ነው የተሳሳተው?» አለ። አጎቱ እስከዛሬ እየሳቀ ነው።

የኛ በጋ ደግሞ ለፈረንጅ ለማስረዳት ያስቸግራል። ቀን ላይ ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። ማታ ውርጭ ነው። ሰማዩ ደመና ስለሌለው ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ማታ ወደ ላይ ሽው ብሎ ይጠፋል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ከሱ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብለን «አቃቂ በኩል ይሞቃል» ይባልልናል። ያለው ሰው ታኅሣሥ ውስጥ ንጋት 11 ሰዓት ላይ እዚህ ፌርማታ ቆሞ አያውቅም።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ትንሹ አጎቱን «ለምን ቀደማችሁን? የኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው» ይለዋል። ይኼኔ ትልቋ ከመጽሐፏ ቀና ብላ «ሁልጊዜ 29 አይደለም። በ2016 ታኅሣሥ 28 ነበር» አለች። ትንሹ ወደኔ ዞረ። አባት ያውቃላ።

እኔም ጀመርኩ። «አየህ፣ ጳጉሜን አንዳንዴ 6 ትሆናለች…» አልኩ። እዚያው ቆምኩ። ጳጉሜን ከገና ጋር ምን እንዳገናኛት በመሃል ጠፋኝ። ሃያ ዓመት ሂሳብ ሠርቻለሁ፤ የሰው ድርጅት ሚዛን አስታርቄ ነው የማድረው። የራሴን በዓል ግን ማስታረቅ አቃተኝ።

ትልቋ የኔን ባለመስመር ወረቀት ጎትታ አመጣች። ሰንበት ትምህርት ቤት ነው የተማረችው። «ከመጋቢት 29 ጀምሩ» አለች፤ ፅንሰቱ የሚታሰብበት ቀን። ከዚያ 9 ወር ከ5 ቀን ይቆጠራል። ወሮቹ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸው፣ 270። አምስት ሲጨመር 275። ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን ቆጠራው ታኅሣሥ 29 ላይ ይሞላል። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ስለሚተርፍ ታኅሣሥ 28 ላይ ሞልቶ ያድራል። ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ማለት ነው፣ በየአራት ዓመቱ። «ቀጣዩ 2020 ላይ ነው» አለች። «በፈረንጆቹ ግን ሁሌም ጃንዋሪ 7 ነው። ቀኑ አይደለም የሚለወጠው፤ እኛ የምንጠራበት ቁጥር ነው።»

«ጥምቀትስ?» አልኳት፤ ለመፈተን ሳይሆን እውነት ሳላውቅ። ጥምቀት ጥር 11 ላይ የተተከለ ነው፤ አይነቃነቅም። ስለዚህ በዚያ ዓመት በገናና በጥምቀት መካከል አንድ ቀን ይጨመራል፤ በፈረንጆቹም ጥምቀት 20 ላይ ይውላል። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ፣ ሁለት ዓምድ አስምራ አሳየችን። ስልኩ ውስጥ ወንድሜ ዝም አለ። ትንሹ «እና ማንም አልተሳሳተም?» አለ፤ ትንሽ ቅር ብሎታል።

ያቺን ወረቀት ደብቄ አስቀምጫታለሁ። በማግሥቱ ሰርቪስ ላይ 275 የሚል ቁጥር ምላሴ ጫፍ ላይ አድሮ ነበር። ዋጥኩት። ከካርዱ ይልቅ ይኼ ከበደኝ። ካርዱን እኮ መምህሩ ነው የሞላው። ይኼን በዓይኔ አየሁት።

የትንሹ ነገር ሌላ ነው። እሱ ደረጃ የለውም። ካርዱ ላይ «ይጥራል» የሚል ተጽፎ ያውቃል፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ይህን ማን ሰርቪስ ላይ ያሳያል? ገና ሲቃረብ ከብሎክ ግንባታ የተረፈ የኤሌክትሪክ ቱቦ አገኘ። ጫፉን በእሳት አሙቆ ቆልምሞ የገና ዱላ አደረገው። እኔ በልጅነቴ ከጫካ የተቆለመመ እንጨት ፍለጋ ቀኑን ሙሉ የምዞረውን እሱ በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። ኳሱ የኔ ካልሲ ነው፤ ሁለቱም። የብሎኩ ልጆች በሁለት ቡድን ተከፍለው አቧራ ለአቧራ ሲራኮቱ በሰገነት ላይ ሆኜ አየሁና አልቻልኩም፤ ወረድኩ። «እኔ ላሳያችሁ» አልኩ። እንዲህ የሚል አባት መጨረሻው ይታወቃል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚባል አለ» ብዬ መጀመሪያ ተረቱን አስተማርኳቸው፤ ድሮ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታም በዚያ ቀን ቁጣ የለም እያልኩ። ንግግሬን ሳልጨርስ የልጄ ቱቦ ቅልጥሜ ላይ አረፈ። እንባዬ መጣ። ቀና ስል ልጄ ዱላውን ይዞ፣ በጣም በትሕትና፣ «አይቆጡም ጌታ» አለኝ።

አልተቆጣሁም። ግን ለአራት ቀን አነከስኩ። ቢሮ ውስጥ «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉኝ «ደረጃ ላይ ወድቄ» አልኩ። ጾም ላይ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

አሁን ወደ ገደፍኩበት ቀን ልምጣ። በ41ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 25። ዶሮ ልንገዛ አቃቂ ገበያ ከትልቋ ጋር ወጣን። የዶሮውን ዋጋ አልነግራችሁም፤ ሁላችሁም ገዝታችኋል፣ ቁስል አልነካም። አንድ ገበሬ ጋ ቀይ አውራ ዶሮ አየን። ልጄ ከእናቷ የተማረችውን አደረገች፤ አነሳችው፣ ደረቱን ዳበሰች፣ ላባውን እፍ ብላ ገልጣ ቆዳውን አየች። «ደህና ነው» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ገበሬው እንዳይሰማ። ክርክሩ ተጀመረ። ወረድ ይበሉ፣ አልወርድም። ጨመር አድርግ፣ አልጨምርም። ሲጨንቀኝ ያልታሰበ ነገር ከአፌ ወጣ።

«አባቴ፣ ለዚች ልጅ ሲሉ ቀንሱ። አንደኛ ናት እኮ ከክፍሏ!»

ሰውዬው ልጄን አዩዋት። ፊታቸው በራ። «ጎሽ! እግዜር ያሳድግልህ» አሉ። ከዚያ ዶሮውን ክንዳቸው ሥር እንደገና አመቻቹት። «የኔዋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሦስተኛ ዓመቷ ናት። ይኼ ዶሮ የሷ ትራንስፖርት ነው። እንዴት አድርጌ ልቀንስ?»

በጠየቁት ዋጋ ገዛሁ። ታክሲ ውስጥ ዶሮው ጭኔ ላይ፣ ልጄ መስኮቱ ጋ። ኮንዶሚኒየሙ እስኪደርስ ቃል አልተነፈሰችም። ደረጃውን ስንወጣ ብቻ፣ ዞር ሳትል፣ «ገደፍክ» አለችኝ።

ዶሮው ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ታስሮ ከረመ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይጮሃል። ከአራተኛ ፎቅ የጮኸ ዶሮ ድምፁ የት እንደሚደርስ የሦስት ብሎክ ነዋሪ ነግሮኛል። ይቅርታ የምጠይቅበት መድረክ ስላገኘሁ ደስ ብሎኛል። ይቅርታ።

ታኅሣሥ 28 ከሰዓት ዶሮውን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ባረክሁት። እሱ የኔ ሥራ ነው። ድሮ የኔ ድርሻ እዚያ ላይ ያበቃና ሶፋ ላይ ጋደም እላለሁ፤ ወጡ በተአምር ይሠራል። ዘንድሮ ግን ሽንኩርቱ ገና ውሃውን ሳይጨርስ መብራት ጠፋ። የዋዜማ ነገር፣ ሁሉም ምጣድ ሁሉም ምድጃ በአንዴ ሲበራ። ግማሹ ብሎክ ድስቱን አንጠልጥሎ እዚህ ኮሙናል ወረደ። እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ ላይ በትንሹ አሥራ አምስት የከሰል ምድጃ ነበር። ከታች ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን የራሳቸው በዓል አይደለም፤ ግን ትርፍ ምድጃቸውን ይዘው መጥተው ለባለቤቴ ሽንኩርት ሲያማስሉ አመሹ። «እኔ ለዒድ ስወርድ እናንተ ታማስላላችሁ» አሉ። ስሌቱ ትክክል ነው።

ባለቤቴ እጇን ከሽንኩርቱ ማንሳት አልቻለችም። ዶሮው ተነጭቶ፣ ተለብልቦ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ሳፋ ውስጥ ተቀምጧል። «ዘንድሮ አንቺ ገነጣጥዪው» አለቻት ልጄን። አሥራ ሁለት ብልት። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንድም ጊዜ ብቻዋን አውጥታ አታውቅም። እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ አንድ ጎረቤት አሉ፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ ስማቸውን አልጠራም። በርጩማቸውን አስጠግተው ከፊት ለፊቷ ተቀመጡ። የስልክ መብራት የምይዘው እኔ ነኝ። ይኼ ነበር ሚናዬ፤ አዘጋጆቹ ይመዝግቡልኝ።

ቢላዋውን ስትይዝ እጇ ተንቀጠቀጠ። እማማ «አጥንቱን አትቁረጪ፣ መጋጠሚያውን ፈልጊው፤ እሱ ራሱ ይነግርሻል» አሏት። ልጄ ቢላዋውን አስቀመጠች። በጣቷ ጭኑን አንቀሳቀሰች፣ ወደ ውጭ ለመጥ አደረገችው፣ አንዲት ትንሽ «ቀጭ» ተሰማች። ያኔ ቢላዋውን መለሰች። ክንፍ፣ ቅልጥም፣ መላላጫ፣ አንገት። እያንዳንዷን ስታወጣ እማማ ያዩና ወይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ ወይ ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ እንደገና ታጸዳዋለች። ከሰሉ ይንጫጫል፣ በርበሬው ገብቷል፣ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፤ እሷ ግን አትሰማም። እንዲያ ዝም ብላ ስትሠራ አይቻት አላውቅም። ወይም እኔ አልነበርኩም።

በመጨረሻ ተቆጠረ። አሥራ አንድ።

እንደገና ቆጠረች። አሥራ አንድ። ፊቷ ቀላ። «ተሳሳትኩ እንዴ እማማ?»

እማማ ከሳፋው አንዱን ብልት አንስተው አገላበጡት። «አልተሳሳትሽም የኔ ልጅ። ሁለቱ ተቃቅፈው ነው» አሉና መለሱላት። ልጄ መጋጠሚያውን ፈልጋ ለየቻቸው። «ድሮ ቢሆን» አሉ እማማ፣ «አሥራ አንድ ያወጣች ሙሽራ አማቷ ፊት ምን ትሆን እንደነበር!» ልጄ እጇን በጨርቅ እየጠረገች «ሙሽራው ስንት ያወጣ ነበር እማማ?» አለቻቸው። ኮሙናሉ በሙሉ ሳቀ። እማማም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ትንሹ ልጄ ወዲያውኑ ተጠርቶ ሠላሳ እንቁላል እንዲልጥ ተደረገ። ስድስቱን አቁስሏል።

ከቅዳሴ በኋላ ሌሊት ቤት ገብተን ስንፈስክ ፈረሰኛው ለኔ ደረሰኝ፤ እንደ ወጉ። አንስቼ ለሷ አደረግሁላት። ቀና ብላ አየችኝና «ያንተ ነው፣ ብላ» ብላ መለሰችው። ተቀባበልነው። በመጨረሻ ትንሹ በላው።

ስለ ቅርጫው ደግሞ ልንገራችሁና ልጨርስ። በገና ጠዋት በሬ ለአሥራ ስድስት ተካፍለናል። ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ፤ የት አመልጣለሁ። ሥጋው በቅጠል ላይ አሥራ ስድስት መደብ ሆኖ ተደለደለ። መደቦች እኩል ናቸው ይባላል። ማንም ግን ሻኛው የት እንዳለ ሳያይ አይቆምም። ለእጣው ሁሉም የየራሱን ዕቃ ባርኔጣ ውስጥ ጣለ፤ ሳንቲም፣ ቆርኪ፣ የቅጠል ዘንግ፣ ቀለበት። እኔ ቁልፌን ጣልኩ። የሚደለድለው ዕቃው የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ መሆን አለበት። ትንሹ ልጄ ጀርባውን አዙሮ ሲጠብቅ ስለነበር እሱ ተመረጠ። ባርኔጣውን ታቅፎ በየመደቡ አንድ አንድ እያስቀመጠ ዞረ። እኔ የደረሰኝ አብዛኛው ጎድን ነው፤ ጎድንም ሳይሆን ጎድን የነበረ ነገር። አንዱ ጎረቤት «ለሾርባ አንደኛ ነው» ብሎ አጽናናኝ። አንደኛ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ አላማረኝም።

ሥጋውን ተሸክመን ደረጃ ስንወጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ልጄ ቆም አለ።

«አባ፣ ቁልፍህን አውቄው ነበር። ቆርኪ መክፈቻው አለበት።»

«ታዲያ?»

«ሻኛ ያለበት መደብ ላይ ላደርገው ነበር።»

«እና?»

«ዓይኔን ጨፈንኩ።»

ደረጃው ላይ ቆምኩ። ሥጋው የከበደኝ መሰለው፤ «ላግዝህ?» አለኝ።

በዚያች ሰዓት ጾሙ ተፈቷል። ማውራት ይቻላል። ልክ በሩ ላይ ስንደርስ አንድ ጎረቤት ወጣ፤ «እንኳን አደረሰህ፣ ልጆች እንዴት ናቸው?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልበል? «ልጄ ዓይኑን ጨፈነ» ልበለው? ይኼ ፎቶ የለው፣ ማኅተም የለው። «ደህና ናቸው» አልኩ። ቤት ገብቼ አጥንቱን መከተፊያ ላይ ዘረገፍኩት።

ይህን ዛሬ የማወራላችሁ አስፈቅጄ ነው። ትንሹ የፈቀደው ከቅልጥሜ ጋር የመታት ኳስ ጎል እንደገባች ጨምሬ እንድናገር በሚል ውል ነው። ገብታለች። ትልቋ የቀን አቆጣጠሩንና የዶሮውን ፈቅዳለች። ሁለተኛው የጥያቄ ምልክት ያለው «ፊቷ ቀላ» የሚለው ላይ ነበር፤ አንብቤዋለሁ፣ ማታ እናያለን።

ፈተናቸው ደርሷል፤ ጥምቀት ሲያልፍ ይጀምራሉ። እስከዚያው ትልቋ ለከተራ የምትለብሰውን ቀሚስ እያስረዘመች ነው፤ የአምናው ሲለካ በአንድ ክረምት ጉልበቷ ላይ ቀርቷል። ሲለካ ቆሜ አየሁ፣ በአግድም አይደለም።

ወረቀቱ መጨረሻ ላይ አንድ ሙሉ አንቀጽ በቀይ ተሰርዟል። ከጎኑ «ይኼ ይቅር አባ» ይላል። ስለዚህ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ቡናውም ሸቶኛል፤ ሁለተኛው ሳይቀዳ እንነሳ።